ኮቱ ጋቢና፣ አለምነው ከኋላ

[መካነ ሰላም። ከገበያው በላይ ያለ ተዳፋት ግቢ። አንዲት አሮጌ ነጭ ፒክአፕ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ቆማለች። ከሥሯ የሙሐሲን ሁለት እግሮች ብቻ ወጥተው ይታያሉ። አለምነው በወዲያኛው ጎን ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል።]

ሙሐሲን፦ ሁለተኛ እንዳትጠራት ብያለሁ።

አለምነው፦ ምኗን?

ሙሐሲን፦ ድንጋይህን። ከጠዋት ጀምሮ ድንጋዩ፣ ድንጋዩን፣ ለድንጋዩ። ጆሮዬ ጠጠር ሞላ።

አለምነው፦ ድንጋዩ ባይኖር እኮ መኪናዋ አሁን ደረትህ ላይ ነበረች።

ሙሐሲን፦ ይኸው፣ ደገምካት። ጅዳ ወርሻ፣ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ድንጋይ የታቀፈ ረዳት አይቼ አላውቅም።

አለምነው፦ ጅዳ ሜዳ ነው ብለኸኝ የለ?

ሙሐሲን፦ ሜዳ ነው። እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ።

አለምነው፦ ታዲያ ድንጋይ ምን ያደርግላቸዋል?

ሙሐሲን፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። አስር ቁጥር ቁልፉን አቀብለኝ፣ ዝም ብለህ።

እነዚህ ሁለቱ እንዲህ እየተነታረኩ ነው ያደጉት። የሙሐሲን እናት ታመው በተኙ ጊዜ የአለምነው እናት ናቸው ሁለቱን ግራና ቀኝ አቅፈው ያጠቡት፤ ጭቅጭቁ ያኔ ነው የተጀመረው ብለው የሚምሉ ጎረቤቶች አሉ። ሙሐሲን ጅዳ ሄደ፣ አለምነው ቀረ። ሙሐሲን ሲመለስ በላቡ ይህችን ፒክአፕ ከአንድ የደጎሎ ጨው ነጋዴ ገዛና አለምነውን ረዳት አደረገው። ረዳት ማለት የሚጭን፣ የሚያወርድ፣ ከኋላ ጭነት ላይ ተፈናጥጦ አቧራ የሚቅም፣ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያስገባ ሰው ነው። የእጅ ፍሬኗ ገና ከደጎሎ ሳትወጣ ተበጥሶ ስለነበር ድንጋዩ ባይኖር የትም አትቆምም ነበር። አለምነው ከወንዝ ዳር መርጦ ያመጣው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ አንድ ጎኑ ለጎማ የተፈጠረ ይመስል ጎድጎድ ያለ። ለማንም አያስነካውም።

ማክሰኞ ዕለት ከደጎሎ ገበያ ሲመለሱ ሙሐሲን ፍሬኑን ቢረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደለት። የሰው የገብስ ጭድ ክምር ተቀብሎ ባያቆማቸው ኖሮ የሰፈሩ ቅሬ በማግስቱ ተሰብስቦ ይቀብራቸው ነበር። ከሥሯ ገብቶ ሲያይ የፍሬኑን ዘይት ወደ ጎማዎቹ የሚወስዱት ቀጫጭን ቱቦዎች በዝገት አልቀው በጣት ሲነኩ ይፈረፈራሉ። ደሴ ድረስ ሄዶ አዳዲስ ቱቦ በልክ አስቆርጦ መጣ። እጁስ አይታማም፣ ሥራ ያውቃል። አፉ ነው እየቀደመ የሚያበላሽበት።

ሥራው ለዛሬ የግድ ነው። ወግዲ ውስጥ የሻለም የምትባል ልጅ አለች፤ የሙሐሲን ልብ እዚያ ከሄደ ሰነበተ። አባቷ ሽማግሌ እቀበላለሁ ያሉት ለዛሬ ነው። ለነገ ደግሞ የሌላ ሰው ሽማግሌ ቀጥረዋል፤ እሱም ከሪያድ የተመለሰ፣ መኪናው አዲስ ነው ይባላል። እንግዲህ ዛሬ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወግዲ ካልተደረሰ ልጅቱ ሄደች ማለት ነው። የወግዲን ቁልቁለት ያለ ፍሬን የሚወርድ ሰው ደግሞ ወደ ፈጣሪው እንጂ ወደ የሻለም አይደርስም።

ጋቢናው ሦስት ሰው ይይዛል። አንዱ ነጂው ሙሐሲን ነው። ሁለተኛው ዋናው ሽማግሌ ጋሼ አምባቸው ናቸው፤ የሙሐሲን አባት የዕድሜ ልክ ወዳጅ፣ ጥቂት ተናጋሪ፣ አሁን ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ የተቀመጡት። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወግዲ ላይ ነው የሚጠብቋቸው። ሦስተኛው ወንበር የኮት ነው። ሙሐሲን ከጅዳ ያመጣው ግራጫ ኮት እንዳይጨማደድበት ወንበሩ ላይ አስተኝቶታል። እንደ ደንቡ ሙሐሲን ሽማግሌዎቹ ካሉበት ቤት አይገባም፤ ቢሆንም የልጅቱ ቤተሰቦች በመስኮት ቢያዩት ብሎ ነው። አለምነው ያው ከኋላ ነው። ኮት ከሱ ቀድሞ ጋቢና መግባቱ ሆዱን በልቶታል። ወግዲ አማቾች አሉት፤ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው በር ከፍቶ ሲወርድ ቢያዩት ብሎ ይመኛል። እስካሁን ያዩት በገመድ ሲንጠላጠል ብቻ ነው።

ሙሐሲን፦ [ፊቱ በዝገት ተለውሶ ብቅ ይላል።] እንወራረድ።

አለምነው፦ በምን?

ሙሐሲን፦ ከአሁን ጀምሮ መኪናዋ ከዚህ ግቢ እስክትወጣ ያቺን ቃል ካላወጣህ ጋቢና ትቀመጣለህ። ካወጣህ ግን ዕድሜ ልክህን የጋቢና ነገር እንዳታነሳብኝ።

አለምነው፦ ኮቱስ?

ሙሐሲን፦ ኮቱ ከኋላ ይጫናል።

አለምነው፦ ቃሏን አንተ ያወጣህ እንደሆነስ?

ሙሐሲን፦ እኔ ምን ቆርጦኝ። ካወጣሁም ያው ነው፤ ኮቱ ከኋላ፣ አንተ ጋቢና።

አለምነው፦ ወላሂ በል።

ሙሐሲን፦ ወላሂ። አንተም በማርያም በል።

አለምነው፦ በማርያም።

ጋሼ አምባቸው፦ [ዓይናቸውን ሳይገልጡ] ሰምቻለሁ።

ሥራው ቀጠለ። የእማማ ሙሉሐረግ ፍየል ከታች ግቢ መጥታ የመኪናዋን ሆድ ትልስ ጀመር። ሙሐሲን አባርልኝ አለ። አለምነውም የድሮው ባለቤት ጨው ሲያመላልስባት ስለኖረ ነው፣ የአገሩ ፍየል ሁሉ ያውቃታል፣ ዝገቱም ከዚያው ነው አለው። ሙሐሲን ተቆጣ። ዝገት ከጉም ነው የሚመጣው፣ ይሄ ሳይንስ ነው አለ።

አለምነው፦ ፍየሏ ሳይንስ አልተማረችማ።

ሙሐሲን፦ አለምነው፣ ቀበሌ አንድ ለአምስት ሲያደራጅ ከማን ጋር ነው ያደረገህ?

አለምነው፦ ከነጋሼ አምባቸው ጋር።

ሙሐሲን፦ ጥሩ አድርጓል። አምስቱ ያስባሉ፣ ስድስተኛው እንደ ድን... [አፉን በቆሸሸ እጁ ይይዛል።]

አለምነው፦ [ጎንበስ ብሎ] በል እንጂ፣ ጨርሳት።

ሙሐሲን፦ እንደ ድንች ዝም ይላል ልል ነው።

አለምነው፦ ድንች መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

አዳዲሶቹ ቱቦዎች ገቡ፣ ታሰሩ፣ ዘይት ተሞላ። ከዚያ አየሩን ከቱቦዎቹ ማስወጣት ቀረ። ለዚህ አንዱ ከላይ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከታች ብሎኑን እየፈታ ያጠብቃል። አለምነው በዚህ አጋጣሚ ጋቢና ገባ። ከጎኑ ለተኛው ኮት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፣ በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ሁሉም እጁን አነሳ። ሙሐሲን እኔ ሳልልህ እንዳትለቅ ብሎት ነበርና ፍየሏን ሊያባርር እስከ ታችኛው አጥር ሲሄድ አለምነው እግሩ እየተንቀጠቀጠ ፔዳሉን ረግጦ ቆየ። ታዛዥነቱ እንዲህ ነው፤ ያሉትን ያደርጋል፣ ያላሉትን አያደርግም።

ሙሐሲን፦ [ነጂው ወንበር ላይ ተቀምጦ] ጋሼ አምባቸው፣ ይዩልኝ እስኪ። ማርሽ ነፃ ነው። እግሬ ፍሬን ላይ ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ አንዲት ጣት ታህል ተነቃነቀች?

ጋሼ አምባቸው፦ አልተነቃነቀችም።

ሙሐሲን፦ አየህ አለምነው? ይሄ ነው ሥራ ማለት።

አለምነው ወዲያኛውን የፊት ጎማ አየ። ድንጋዩ እንደ ባለርስት ተደላድሎ ተቀምጧል። ጋሼ አምባቸው ካሉበት አይታይም፤ ሙሐሲን ደግሞ ሥራውን ሲያደንቅ የረሳው ነገር ነው። አለምነው ጉሮሮው ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠው። በእርግጥ ፍሬኑ ደህና ተሠርቷል፣ ረግጦታልና ያውቃል። የሚቀረው ድንጋዩን ማንሳት ብቻ ነበር፤ አንሳ ያለው ሰው ግን የለም።

[ሙሐሲን ሞተሩን ያስነሳል። አንደኛ ማርሽ ያስገባል። መኪናዋ ትንቀጠቀጥና ትጠፋለች። ደግሞ ያስነሳል። ደግሞ ትጠፋለች።]

ሙሐሲን፦ ሱብሃነላህ። ጎማዎቹ ተይዘዋል።

አለምነው፦ አንዱ ብቻ ነው የተያዘው።

ሙሐሲን፦ አንተ በምን አወቅህ?

አለምነው፦ እ... ከፊቱ የሆነ ነገር አለ።

ሙሐሲን፦ ፍየሏ ተመልሳ መጣች?

አለምነው፦ ፍየሏ አይደለችም። ጥቁር ነው።

ሙሐሲን፦ ጥቁር?

አለምነው፦ ከወንዝ ነው የመጣ። ከባድ ነው። ዝም ብሎ ቁጭ ብሏል። አንተ ግን አታየውም።

[ሙሐሲን ቀስ ብሎ በሩን ይዘጋል።]

ሙሐሲን፦ ቢስሚላህ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

አለምነው፦ ከማክሰኞ ጀምሮ እዚህ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን አብሮን ነበር፣ ወግዲም፣ ደጎሎም፣ በሄድንበት ሁሉ።

ሙሐሲን፦ አንተ ነህ ያመጣኸው?

አለምነው፦ ታዲያ። እኔ ነኝ በእጄ ተሸክሜ ያመጣሁት።

ሙሐሲን ጂን ነው ብሎ ቁርጡን አወቀ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረገ፣ የማያውቀውንም በግምት አስከተለ። ጋሼ አምባቸው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ፀሐይዋ አዩ፣ ልጆች፣ የሰው ቀጠሮ አለብን አሉና መልሰው ጨፈኑ። ሙሐሲን ይህን ሲሰማ ከጂኑ ይልቅ የሪያዱ ሰው አዲስ መኪና ታየው። እንደገና አስነሳ፣ እንደገና ጠፋች። ከዚያ ግንባሩን መታ።

ሙሐሲን፦ ገባኝ። ጂን አይደለም። ሥራዬ ነው።

አለምነው፦ ሥራህ ምን ሆነ?

ሙሐሲን፦ ከመጠን በላይ ጥሩ ሆነ። አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ዘይት፤ ፍሬኑ አንዴ ነክሶ አልለቅም አለ። አሮጌ መኪና ይህን ያህል ጥሩ ሥራ አትችልም። ትንሽ ላላላው።

አለምነው፦ አታላላው።

ሙሐሲን፦ ለምን?

አለምነው፦ ደህና ነው። ፍሬኑ ደህና ነው። ያልሄደችው በድ...

ሙሐሲን፦ [ዓይኑ እየበራ] በል። በምን? ጨርሳት።

አለምነው አፉን ከፍቶ ቆመ። ጋቢናውን አየ፣ አማቾቹን አሰበ፣ በር ከፍቶ ሲወርድ ታየው። ደግሞ የጓደኛውን እጅ አየ፤ ያ እጅ ከጠዋት ጀምሮ የለፋበትን ሊያፈርስ ቁልፍ ይዟል። አሳዘነው። ሊናገርም ነበር። ሙሐሲን ግን ጣቱን ቀስሮ በል፣ በል፣ ዕድሜ ልክህን ከኋላ እያለ ሲስቅበት እልህ ያዘው።

አለምነው፦ በድንች።

ሙሐሲን፦ ዝም አይነቅዝም። ዝም በል እንግዲያው።

ከሥር ገባ። ከፊት ጎማዎቹ በኩል ያሉትን ብሎኖች አላላ፣ አልበቃ ቢለው ከኋላ ያሉትንም አላላ። ዘይቱ ተንጠባጠበ። ያንን ሁሉ ሲያደርግ ክንዱ ከድንጋዩ አንድ ስንዝር እንኳ አልራቀም። ሰው የሚፈልገውን እንጂ ያለውን አያይም። ወጥቶ እጁን ጠርጎ ተነስቶ ጋቢና ገባ።

ከግቢው በታች፣ ልክ በመኪናዋ አፍንጫ ፊት፣ የእማማ ሙሉሐረግ አዲሱ መፀዳጃ ቤት ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ በየቤቱ ይቆፈር ባለች ጊዜ ከሰፈሩ ቀድመው ያስቆፈሩት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ ጆንያ፣ እንግዳ ሲመጣ ከቤታቸው ቀድሞ የሚያስጎበኙት ነው።

ሙሐሲን፦ [ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ በመስኮት] አሁን ነፃ ናት። ከፊቴ ያለውን ሁሉ አንሳልኝ፣ እንውጣ።

አለምነው፦ ሁሉንም?

ሙሐሲን፦ ሁሉንም። ቁልፉን፣ ጀሪካኑን፣ ጨርቁን።

አለምነው፦ [እየለቀመ] ያንንም?

ሙሐሲን፦ የቱን?

አለምነው፦ ያንን። ልለቀው?

ሙሐሲን፦ ያንንም፣ ይሄንንም ልቀቅ። አንተ ደግሞ የያዝከውን አትለቅም።

አለምነው ከጠዋት ጀምሮ የጠበቃት ትእዛዝ ይህች ነበረች። ደስ ብሎት ጎንበስ አለና ድንጋዩን በሁለት እጁ ፈንቅሎ አወጣው።

መኪናዋ መጀመሪያ ቀስ አለች። ሙሐሲን በፈገግታ ለጋሼ አምባቸው እጁን አነሳ። ከዚያ ፈጠነች። ፍሬኑን ረገጠው፤ ፔዳሉ እንደ ማክሰኞ ዕለት እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሽ ሊያስገባ ታገለ፣ አልገባም አለው። ጀሪካኑ ተደፋ፣ ፍየሏ ሸሸች፣ የጆንያው በር በመስታወቱ ውስጥ እየገዘፈ መጣ። አለምነው ጋቢናውንም አማቾቹንም ረስቶ ድንጋዩን እንደታቀፈ እየሮጠ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ግን ሙሐሲን ከመስኮቱ ቀደመው።

ሙሐሲን፦ ድንጋይ! ድንጋይ! አለምነው፣ ድንጋይ!

አለምነው ከጎማው ፊት ጣለው። መኪናዋ ተንጠራርታ አንዴ ወደ ላይ ዘለለችና ተመልሳ አረፈች። አፍንጫዋ ከጆንያው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ግቢው ጭር አለ። ከጆንያው በስተጀርባ፣ እንደ ወጉ፣ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

የእማማ ሙሉሐረግ ድምፅ፦ እህም። ሰው አለ።

[ሙሐሲን መሪውን እንደጨበጠ ነው። አለምነው በመስኮቱ ብቅ ይላል።]

አለምነው፦ አልካት።

ሙሐሲን፦ [በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ያያል።]

አለምነው፦ ሦስቴ።

ሙሐሲን፦ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበረ?

አለምነው፦ እዚያው ነበረ።

ሙሐሲን፦ ፍሬኑስ?

አለምነው፦ ደህና ነበር። ግሩም አድርገህ ነበር የሠራኸው። ደግሞም ሞኝ የያዘውን አይለቅም ያልክ አንተ ነህ፤ ሞኙ ይዞልህ ነበር፣ ልቀቅ አልከው፣ ለቀቀ።

ጋሼ አምባቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወረዱ። ድንጋዩን በዘንጋቸው ነካ አደረጉት፣ የላሉትን ብሎኖች አዩ፣ ሙሐሲንን አዩ። ምስክር ናቸውና ፍርዱ አጭር ነበር፤ ኮቱ ከኋላ አሉ። ሙሐሲን ተመልሶ ከሥር ገባ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ዘይት ጨመረ። አለምነው ጋቢና ተቀምጦ እየረገጠለት አየሩን እንደገና አስወጡ። በዚህ ጊዜ ሙሐሲን በየመሀሉ አለምነው፣ ልፍታ? አለምነው፣ ይበቃል? እያለ ይጠይቅ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ ጠይቆት አያውቅም። ሊነሱ ሲሉ አለምነው ኮቱን አጥፎ ከኋላ አስቀመጠና ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋዩን ከላዩ አደረገበት።

ቁልቁለቱን በሰላም ወረዱት። ፍሬኑ አንድም ቦታ አላሳፈራቸውም። ወግዲ የደረሱት ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ነው። አለምነው የጋቢናውን በር ከፍቶ ወረደ፣ ዘግቶ እንደገና ከፈተው፣ አንድ የረሳ ዕቃ ያለው አስመስሎ። አማቾቹ አዩት። ከዚያ እንደ ልማዱ ከኋላ ሄዶ ድንጋዩን አነሳና ከፊት ጎማው ሥር አደረገው። ሙሐሲን ኮቱን አራግፎ ለበሰ፤ ግራጫው አቧራ ለብሶ ቡኒ ሆኗል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የድንጋዩ ጎን ታትሞበታል። መኪናዋ ዘንድ ቆሞ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡ። አለምነውም ከበሩ ሥር ቦታ ተሰጠው። የየሻለም አባት በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩና ዘወር አሉ። ልጁ ያ ኮቱ የቆሸሸው ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሼ አምባቸው እሱ ነው አሉ። ሙያውን ሲጠይቋቸው ፍሬን ይሠራል፣ ዛሬ እንኳ ሁለት ጊዜ ሠርቶታል ብለው መለሱ።

የየሻለም አባት፦ ሙያ ደግ ነው። እኔ ልጄን ስሰጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሰው ይሰማል?

ጋሼ አምባቸው፦ ከዛሬ ጀምሮ ይሰማል።

የየሻለም አባት፦ ለዚህ ዋስ አላችሁ?

ጋሼ አምባቸው ወደ በሩ አዩ። አለምነው ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

አለምነው፦ ዋሱን ይዘነው መጥተናል አባዬ። ከፊት ጎማ ሥር ተቀምጧል። ስሙን ሙሐሲን ይጥራልዎ፣ ዛሬ ሦስቴ ጠርቶ ለምዷል።